የክረምት ጉዞ ከሐዋሳ ወደ ባሌ፦ ጓዝ፣ ጓደኛና ደረቅ ካልሲ

በየክረምቱ ወደ ባሌ ተራሮች የእግር ጉዞ እንወጣለንና ሰው ሁሉ «ለምን በበጋ አትሄዱም?» ይለኛል። መምህር ስለሆንኩ ነዋ። ከኅዳር እስከ ጥር ባሌ ሰማዩ ጥርት፣ መንገዱ ደረቅ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ያኔ ግን እኔ ሐዋሳ ቁጭ ብዬ ፈተና አርማለሁ። እረፍት የማገኘው ሰኔ ሲያልቅ ነው። አብረውኝ ከሚሄዱትም አብዛኞቹ የትምህርት ቤት ሰዎች ስለሆኑ፣ የምንሄደው በሐምሌና በነሐሴ፣ ዝናቡ በሚወርድበት ጊዜ ነው።

ክረምትም ቢሆን ላወቀበት አያስመርርም። ባሌ ላይ ጠዋት ጠዋት ብዙ ጊዜ ብራ ነው፤ ደመናው ረፋዱ ላይ ይሰበሰብና ከሰዓት በኋላ ያወርደዋል። ብልሃቱ እዚች ላይ ነው፦ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት መንገድ ጨርሶ፣ ድንኳን ተክሎ፣ ደረቅ ልብስ ለብሶ ሻይ መጣድ። ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ ለዚህች ስምንት ሰዓት ሲባል ነው።

ከማን ጋር

ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት ሰው ምረጡ። አራት ሰው ጥሩ ነው። ስድስትም ይቻላል፤ ከዚያ ካለፈ ግን ሠርግ ነው፣ አንዱ ጫማ ሲያስር ሌላው ሲፈታ ረፋዱ ይሄዳል። አራት ስትሆኑ ሁለት ድንኳንና አንድ ድስት ይበቃል። አንዱ ቢታመም አንዱ አብሮት ይቀራል፣ ሁለቱ ሄደው ሰው ይጠራሉ።

ከእኔ ጋር የሚሄዱት ሁላችንም ጋሼ የምንለው የሂሳብ መምህር ባልደረባዬ፣ የእህቴ ልጅ፣ እና አሁን ባጃጅ የሚነዳ የቀድሞ ተማሪዬ ናቸው። ጋሼ ያንኮራፋሉ። ይሄ ቀልድ አይደለም፤ የእሳቸው ድንኳን ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ እንደሚተከል ገና ሐዋሳ ሳለን ተስማምተን ነው የምንወጣው። እንዲህ ያለውን ነገር ተራራ ላይ፣ እንቅልፍ ባጣ ሰው አፍ መነጋገር ጥሩ አይደለም።

የማልወስደው ሰው ዓይነት አለ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል መነሳት የማይሆንለት ሰው፣ መልካም ሰው ሊሆን ይችላል፣ ለክረምት ጉዞ ግን አይሆንም። የጠዋቱን ብራ ሲተኛበት ከሰዓቱን ዝናብ ለሁላችን ያካፍለናል። ሁለተኛው፣ የተጠየቀውን ሁሉ «ችግር የለም» የሚል ነው። እግሩ ተልጦ «ችግር የለም» ይላል፣ ራሱን እያመመው «ችግር የለም» ይላል፣ በኋላ ፈረስ ላይ ጭናችሁ ታወርዱታላችሁ። ከዚህ ይልቅ ተነጫናጩ ይሻላል፤ ቢያንስ ምን እንደሆነ ይታወቃል።

ስትጓዙ ቀርፋፋው ከፊት ይሁን። ፈጣኑን ከፊት ካደረጋችሁት እየሮጠ ይሄድና አረፍ ብሎ ይጠብቃል፤ የደከመው ሲደርስ እሱ ይነሳል፣ የደከመው ግን እረፍት ሳያገኝ ቀኑን ይጨርሳል።

ለሙከራ እዚሁ ሐዋሳ የታቦር ተራራ አለላችሁ። ታቦር አጭር ነው፣ ባዶ እጅ ሲወጡት ማንንም አይፈትንም። ሻንጣችሁ ውስጥ በጠርሙስና በጀሪካን አሥር ሊትር ውሃ ጨምሩ፤ አሥር ሊትር አሥር ኪሎ ነው። ላይ ስትደርሱ ውሃውን እዚያ ላለ ችግኝ አፍስሱና ባዷችሁን ውረዱ፤ ጉልበት የሚጎዳው ሲወርዱ ነው። ታቦርን ሁለት ሦስቴ ያለ ጩኸት የወጣ ሰው ወደ አላሙራ ይሻገር። እዚያ ረዘም ያለ ሰዓት ስለሚወስድ ጫማ የት የት እንደሚልጥ ቁርጡ ይታወቃል። አዲስ ጫማ ገዝቶ ባሌ፣ ዲንሾ ላይ የሚያሟሽ ሰው ካለ አሁኑኑ አስቀሩት።

ገንዘቡን እኛ ከጥር ጀምረን በየወሩ እንደ እቁብ እናዋጣለን፣ ገንዘብ ያዥዋ የእህቴ ልጅ ናት። ለትራንስፖርት፣ ለፓርኩ ክፍያ፣ ለአስጎብኚ፣ ለፈረስና ለስንቅ ይመደባል፤ ጥቂት ደግሞ ለክፉ ቀን ይቀመጣል። አንድ ሰው ከመንገድ ቢመለስ ገንዘቡ ይመለስለታል ወይስ አይመለስለትም የሚለውን አስቀድማችሁ ወስኑ።

የት፣ በማን ፈቃድ

መንገዱ ቀላል ነው። ከሐዋሳ መናኸሪያ በማለዳ ወደ ሻሸመኔ፣ ከዚያ በኮፈሌ አድርጎ ወደ ዶዶላና አዳባ፣ ቀጥሎ ዲንሾ። ማታ ማታ መኪና ላይ አትሁኑ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ሰላም እዚያው ለሚኖር ሰው ወይም መስመሩን ለሚመላለስ ሾፌር ደውላችሁ ጠይቁ። «አሁን አይሆንም» ካሉ አይሆንም። ወንዶ ገነትም ተራራ አለው፣ ባሌም የትም አይሄድም።

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ግድም ነው። ዲንሾ 3,100 አካባቢ ነው፣ የሳነቲ አምባ 4,000ን ይነካል፣ የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ በ6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀዘቅዛል። እንግዲህ አስሉት፦ ሐይቅ ዳር በሸሚዝ በምትንሸራሸሩበት ሰዓት ዲንሾ በ9 ዲግሪ፣ ሳነቲ በ15 ዲግሪ ይበርዳል፤ ይሄ ንፋሱንና እርጥብ ልብሱን ሳይጨምር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ሌሊት ዲንሾ እደሩ፣ ሰውነታችሁ ከፍታውን ይልመደው።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል፤ እንደፈለጉ ገብተው ድንኳን የሚጥሉበት ሜዳ አይደለም። ዲንሾ ባለው ጽሕፈት ቤት መግቢያና ማደሪያ ይከፈላል፣ አስጎብኚ ይያዛል፣ ፈረስም ከነባለቤቱ እዚያው ይገኛል። ዋጋው ስለሚለዋወጥ የዘንድሮውን ጠይቁ። ማደሪያዎቹ የታወቁ ናቸው፦ ሶዶታ፣ ኬይሬንሳ፣ ራፉ፣ ጋርባ ጉራቻና ሌሎችም። ቀኑን ከአስጎብኚው ጋር አቅዱ፤ ቀርፋፋችሁ ማን እንደሆነ ንገሩት፣ ስምንት ሰዓቷንም ንገሩት።

ፈረስ ያዙ የምለው ጭነት ለማቅለል ብቻ አይደለም፤ የታመመ ሰው ማውረጃም ነው። ባለፈረሱ ግን የት እንደሚያድር ጠይቁ። ብዙ ቡድን ስለ ራሱ ድንኳን ሲጨነቅ ሰውዬው በአንድ ብርድ ልብስ ዝናብ ላይ ያድራል። ተጨማሪ ሸራና ስፖንጅ ያዙለት፣ ከድስቱም ለአንድ ሰው ጨምራችሁ አብስሉ።

ከፓርኩ ውጪ ስታድሩ ደግሞ፣ በእኛ አገር ባለቤት የሌለው ሜዳ እንደሌለ አትርሱ። ባዶ የመሰላችሁ ሣር የአንድ ሰው ግጦሽ ነው። መታወቂያና ከመሥሪያ ቤት ወይም ከቀበሌ የተጻፈ ደብዳቤ ያዙ፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ብዙ ጥያቄ ያሳጥራል። ፈቃድ የሚጠየቀው ገና በብርሃን ነው። ሊመሽ ሲል አራት ሰው ጓዝ ተሸክሞ ደጅ ላይ ሲቆም ማንም ይደነግጣል። ሁለታችሁ ብቻ ሂዱ፣ አንዷ ሴት ብትሆን ይመረጣል፣ ሌሎቹ ከነሻንጣቸው ከሚታዩበት ይቀመጡ። በእኛ ቡድን ሂያጆቹ እኔና ጋሼ ነን፤ እኔ የቤቷን እመቤት፣ እሳቸው አባወራውን ያነጋግራሉ። በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» (እንደምን ናችሁ) ብሎ መጀመር፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ መጠየቅ፣ ከዚያ በኋላ ነው የማደሪያው ነገር የሚነሳው። ብር አታስቀድሙ። እኛ ስኳርና ቡና እንይዛለን፤ ቡናው ተፈልቶ አብረን ከጠጣን በኋላ ውሻው እንኳ አይጮህብንም። ስትሄዱ «ገለቶማ» (አመሰግናለሁ) ማለት አይረሳ።

ጓዝ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ገባን። ለክረምት ጉዞ ሁለት ልብስ ብቻ ነው ያለው፦ የቀኑና የሌሊቱ። የቀኑ ልብስ ይረጥባል፣ አትታገሉት። የሌሊቱ ልብስ ግን ሰማይ ቢደፋም አይረጥብም። ሙሉ ሹራብ፣ ሱሪ፣ የውስጥ ልብስ፣ ኮፍያና ወፍራም ካልሲ ናቸው፤ ከድንኳን ውጪ አይለበሱም። የሌሊቱን ካልሲ አድርጎ «ለአንድ ደቂቃ ነው» እያለ ሽንት ለመሽናት የሚወጣ ሰው ካያችሁ ቆጡት።

ከባዱ ነገር ጠዋት ይመጣል። ደረቁን አውልቆ የትናንቱን እርጥብ መልበስ አለ። ሁሉም ሰው በዚያች ሰዓት ይፈተናል፤ ደረቁን እንደለበሰ ለመሄድ ያምረዋል። የሄደ እንደሆነ ማታ ሁለቱም እርጥብ ናቸው። እርጥቡን ፈጥናችሁ ልበሱና ወዲያው መንገድ ጀምሩ፤ ሩብ ሰዓት ከተራመዳችሁ በኋላ ይሞቃችኋል።

ጂንስና ጋቢ የጥጥ ናቸው፤ ጥጥ ውሃ ከጠጣ አይደርቅም፣ ሰውነትንም ያቀዘቅዛል። ስለ ጋቢ ከጋሼ ጋር ያልተጨቃጨቅንበት ክረምት የለም። «ለአባቶቻችን ሆኖላቸው የለም ወይ?» ይላሉ። አባቶቻችን ማታ ጎጆ ገብተው እሳት ዳር ያሰጡት ነበር፤ እኛ እሳት የለንም። በመጨረሻ ጋቢያቸው ከሌሊቱ ልብስ ጋር ተቋጥሮ ድንኳን ውስጥ ብቻ እንዲለበስ ታርቀናል። ለቀኑ ሰልቫጅ ገበያ ሂዱ። የፖሊስተር ሹራብና ጃኬት፣ አንዳንዴም የሱፍ ካልሲ፣ ከአዲሱ ዋጋ ባነሰ ታገኛላችሁ። ጃኬቱን ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን ፈቃድ ጠይቁና እጅጌው ላይ ትንሽ ውሃ ጣል አድርጉበት፤ ውሃው እየተንከባለለ ከወረደ ውሰዱት፣ ከሰረገ ተዉት።

ሻንጣ ላይ የሚለበሰውን የዝናብ ሽፋን ብቻ አትመኑ። ውሃው በጀርባችሁና በማንገቻው በኩል ይገባል። እኛ የምናደርገው ይሄ ነው፦ ገበያ ላይ በሜትር የሚሸጠውን ወፍራም ላስቲክ፣ እንደ ቱቦ ሁለት በኩል ክፍት የሆነውን፣ ከሻንጣው ርዝመት ግማሽ ሜትር አስበልጠን እንገዛለን። አንዱን ጫፍ ጠምዝዘን፣ አጥፈን፣ በብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭ ጥብቅ አድርገን እናስራለን። ሻንጣው ውስጥ እንከተዋለን፣ ዕቃው ሁሉ በላስቲኩ ውስጥ ይገባል። የሌሊቱ ልብስና ብርድ ልብሱ ወይም ስሊፒንግ ባጉ ደግሞ በሌላ ላስቲክ ለብቻቸው ታስረው ከታች ይቀመጣሉ። ከላይ ስታስሩ በጉልበታችሁ ተጭናችሁ አየሩን አስወጡ፣ አፉን ጠምዝዙ፣ እጠፉ፣ በከመነዳሪው ጠቅልሉ። ወንዝ ውስጥ ቢወድቅ እንኳ ደረቅ ይወጣል። የቀን ጃኬት፣ ቆሎና ውሃ ብቻ ከላስቲኩ ውጪ፣ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይሁኑ።

ከምትደርቡት ይበልጥ የምትተኙበት ወሳኝ ነው፤ ሙቀታችሁን የሚጠጣው መሬቱ ነው። የካምፕ ምንጣፍ ካላገኛችሁ ስፖንጅ አስቆርጡ፣ ከትከሻ እስከ ዳሌ ቢደርስ ይበቃል፣ እሱንም በላስቲክ ጠቅልሉት፤ ስፖንጅ ውሃ ከያዘ አለቀለት።

ድንኳኑን ግቢያችሁ ውስጥ ትከሉና በጀሪካን ውሃ አፍስሱበት። በየት እንደሚያፈስ የሚታወቀው ያኔ ነው። ስፌቱ የሚያሰጋ ከሆነ ከላዩ የሚወጠር ሰፊ ሸራ ጨምሩ፤ ሸራው ለሌላም ይጠቅማል፣ እመጣበታለሁ።

ሻንጣውን ሰፈራችሁ ባለው እህል ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጡት። ከክብደታችሁ አንድ አራተኛ ካለፈ የሆነ ነገር ይውጣ። ተማሪዬ ስፒከር ይዞ መጥቶ ነበር፤ «ቲቸር፣ ቀላል ናት እኮ» አለኝ። ቀላል መሆኗን ሚዛኑም መሰከረለት፣ ግን አልሄደችም። እዚያ ላይ ሆኖ ከጅብ ድምፅ ይልቅ ዘፈን መስማት የሚያምረው ሰው ሐዋሳ ይቀመጥ። በስፒከሯ ፋንታ የግንባር ባትሪ ያዘ። ፓወር ባንክና ስልክ ማታ ከሰውነታችሁ ጋር ይደሩ፤ ብርድ ባትሪ ይጨርሳል።

ስንቅና ምድጃ

ነሐሴ ከ1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው፤ ረቡዕና ዓርብም አለ። ከመካከላችሁ የሚጾም ማን ነው፣ የማይጾም ማን ነው የሚለውን ስንቅ ከመገዛቱ በፊት ቁረጡ። እኛ ሁሉም የሚበላውን ጾም አድርገን እንሠራና የፍስኩን ለየብቻ እንይዛለን፦ ለጿሚው በሶ በማር ወይም በስኳር፣ ለፈሳኪው ጭኮ። ጭኮውን ዶዶላ ወይም አዳባ ገበያ ላይ ጠይቁ፤ ገብስና ቅቤ ነው፣ ትንሿ ጉርሻ ረጅም ዳገት ታስወጣለች። በግ ገዝተን እንረድ የሚል ሐሳብ ሁልጊዜ ይነሳል። ክርስቲያንና ሙስሊም አብራችሁ ከሆናችሁ፣ ባለፈረሱም ካለ፣ ማን ይባርከው የሚለው ጥያቄ ሌሊቱን ይወስዳል። ለፈሳኪዎቹ እንቁላል ቀቅሉ፤ እንቁላል ማንንም አያጣላም።

ጠዋት በሶ ይበጠበጣል፣ እሳት አይፈልግም፣ ሰዓትም ያተርፋል። ቀን ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ቴምር በኪስ እየተያዘ እየተሄደ ይበላል። ማታ ብቻ ነው የሚበሰለው። ከፍታው እዚህም ይገባል፦ ውሃ ዲንሾ ላይ በ90 ዲግሪ፣ ሳነቲ ላይ በ87 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው። ሲንተከተክ ታዩታላችሁ፣ የሚያበስልበት ሙቀት ግን የሐዋሳው አይደለም። ስለዚህ ባቄላና ድፍን ምስር ቤት ይቅሩ። ሽሮ፣ ድርቆሽ ፍርፍር፣ ቀጭን ፓስታ ያስኬዳሉ። ከሲዳማ ቤት የመጣ ሰው ካላችሁ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ዋሳ (ቆጮ) ይያዝ፤ ያጠግባል፣ ሻንጣ ውስጥ አይፈርስም።

እንጨት አትልቀሙ። በክረምት እርጥብ ነው፣ አስታውና ኮሶውም ለመታየት እንጂ ለመቆረጥ አይደለም። የነጭ ጋዝ ምድጃ ወይም ትንሿ ቡታ ጋዝ በፈረስ ትሄዳለች። ከሰል የሚይዙም አሉ፤ ከያዛችሁ አንድ ነገር ስሙኝ። ያበሰላችሁበትን ከሰል «ይሞቀናል» ብላችሁ ድንኳን ውስጥ አታስገቡ። ፍም ቢመስልም፣ ጢስ ባይኖረውም፣ የሚያወጣው ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ተኝታችሁ ሳለ ይገድላል። በዚህ ጉዳይ ሽማግሌም ወጣትም አላግባባም።

ውሃው ጥሩ ቢመስልም ከላይ ከብት አለ። በንጹሕ ነጠላ አጥልላችሁ ሦስት ደቂቃ ሙሉ አፍሉት፤ ወይም ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ጨምራችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። አረቄ ደግሞ አይያዝ። ያሞቃል የሚባለው ቆዳ ላይ ሲሰማ ነው፤ ደሙን ወደ ቆዳ እየላከ የውስጡን ሙቀት ያስወጣል።

ቀኑ እንዴት ይውላል

11 ሰዓት ተኩል ይነሳሉ፣ ከ1 ሰዓት በፊት እግር መንገድ ላይ ነው። ጠዋት የወጣ ሰው የሚያየው ነገር አለው። ከሶዶታ ወዲያ በወይብ ሸለቆ ስንሄድ አስጎብኚያችን እጁን ዘርግቶ አስቆመን። ሠላሳ ሜትር ላይ አንድ ቀይ ቀበሮ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሟል፣ ጆሮው ወደፊት፣ አንድ እግሩ አየር ላይ። ተማሪዬ «ቲቸር፣ ውሻ ነው?» አለኝ በሹክሹክታ። ከጉድጓዱ አፈር እየተገፋ ይወጣል፤ ውስጥ ያለው ፍልፈል ነው፣ እዚያ ብቻ የሚገኘው ግዙፉ፣ ዓይኖቹ አናቱ ላይ ያሉት። ቀበሮው አልተነቃነቀም። የፍልፈሉ አናት ብቅ ከማለቱ ዘለለበት፣ ግማሽ አካሉ ጉድጓድ ገባ፣ ባዶ አፉን ወጣ፣ አፈሩን ከአፍንጫው አራገፈና ወደሚቀጥለው ጉድጓድ ሄደ። በዓለም የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። ዋና ጠላታቸው ከውሻ የሚይዛቸው በሽታ ነው፤ ስለዚህ ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ፣ የእረኛ ውሻ ቢከተላችሁም እያጎረሳችሁ አታስለምዱት።

ወንዝ ካለ በጠዋት ይሻገሩታል። ከላይ ዘንቦ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ያው ወንዝ ሌላ ወንዝ ነው። የሻንጣውን የወገብ ማሰሪያ ፍቱ፣ ብትወድቁ ጥላችሁት እንድትነሱ። በትር ይዛችሁ፣ ፊታችሁን ወደ ላይኛው ውሃ አድርጋችሁ፣ በጎን ተራመዱ። ከጉልበት በላይ ሆኖ የሚገፋ ከሆነ አትግቡበት፤ ጠብቁት፣ ይጎድላል።

ነጎድጓድ ሲጀምር ብልጭ ካለበት እስኪያጓራ ቁጠሩ። ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ከሠላሳ በታች ከሆነ ከሸንተረሩ ውረዱ፣ ብቻውን የቆመ ዛፍ ወይም ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ሥር አትጠጉ፣ ተራርቃችሁ ቁጭ በሉ። ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አትንቀሳቀሱ።

ማደሪያ ስትደርሱ የሚያምረውን ለጥ ያለ ሣር ወዲያው አትመኑት። በእግራችሁ ጫን በሉት፤ ውሃ ካቆረ ረግረግ ነው። ትንሽ ተዳፋት ያለው ከፍ ያለ ቦታ ፈልጉ፣ ራስጌ ወደ ላይ። እየዘነበ ከደረሳችሁ የቅድሙ ሸራ ይምጣ፦ ሁለት ሰው አራቱን ጫፍ ይዞ ይወጥረዋል፣ ሁለቱ ከሥሩ ድንኳኑን ይተክላሉ፣ ውስጡ አንድ ጠብታ ሳያይ ይቆማል። በሩን ከንፋሱ አዙሩት። ካስማው በጭቃ ውስጥ አይያዝም፤ ወደ ውጭ አጋድማችሁ ምቱትና ድንጋይ ጫኑበት። ከዚያ አንድ በአንድ እየገባችሁ ልብስ ቀይሩ፤ እርጥቡ በላስቲክ ሆኖ በር ላይ ይቀመጣል። ጫማ ግን ውጭ አያድርም፤ ቆዳ ጅብ ይወዳል።

ሲበርዳችሁ የድንኳኑን አየር መግቢያ ሁሉ አትዝጉ። ትንፋሻችሁ ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠብና ሌሊት «ድንኳኑ ያፈሳል» ብላችሁ ትነሳላችሁ።

መጸዳጃ ከውሃ 60 ሜትር ያህል ርቆ፣ አንድ ስንዝር ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ተመልሶ ይደፈናል። ትንሽ ዶማ ወይም አካፋ ያዙ። ለሴቶች የምለው፦ የወር አበባ ቀናችሁ ባይሆንም ሞዴስ ያዙ፣ ከፍታና ድካም ቀን ያዛባል። ያገለገለውን ቋጥራችሁ ይዛችሁ ውረዱ፣ እዚያ አትቅበሩ፤ ጅብና ቀበሮ ይቆፍረዋል። ማታ ስትወጡ ሁለት ሆናችሁ ውጡ።

ሲታመሙ

ሁለት ነገር ብቻ በደንብ እወቁ። አንደኛው የከፍታ ሕመም ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ ማስጠላት፣ እንቅልፍ ማጣት ናቸው። መለስተኛ ከሆነ እዚያው ሆናችሁ እረፉ፣ ውሃ ጠጡ፣ እስኪለቅ ወደ ላይ አትውጡ። ሰውዬው ቀጥ ብሎ መራመድ ካቃተው፣ ግራ ከገባው ወይም ተቀምጦ እንኳ ትንፋሽ ካጠረው ግን ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ወደ ታች። ለዚህ ነው ፈረስ ያልኩት። ከ3,000 በላይ የምታድሩበት ቦታ ከትናንቱ ማደሪያ ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር መልካም ነው።

ሁለተኛው ሰውነት ሙቀቱን ሲያጣ ነው። በረዶ አያስፈልገውም፣ እርጥብ ልብስና ንፋስ ይበቁታል። መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ዕቃ ከእጁ ይወድቃል፣ ይነጫነጫል ወይም ዝም ይላል። የሚያሰጋው መንቀጥቀጡ ሲያቆም ነው፤ ተሻለው ብላችሁ እንዳትዘናጉ። እርጥቡን አውልቁለት፣ በደረቁ ጠቅልሉት፣ ከሥሩ ስፖንጅ አድርጉ፣ ሌላ ሰው አብሮት ይተኛ። መዋጥ ከቻለ ብዙ ስኳር ያለው ትኩስ ሻይ ስጡት። እግሩን እጁን አትሹት።

ስትመለሱ

በሳነቲ በኩል ወደ ጎባ ከወረዳችሁ ሮቤ መኪና ይገኛል። ሒሳቡ መኪና ላይ፣ ሻሸመኔ ሳይደረስ ይዘጋ፤ ሰው ቤቱ ከገባ በኋላ ደረሰኝ ማየት አይወድም። ሐዋሳ የገባችሁ ዕለት፣ ደክሟችሁም ቢሆን፣ ድንኳኑን ከላስቲኩ አውጡና በረንዳ ላይ ስቀሉት። ፀሐይ ስትወጣ ግቢ ላይ ዘርጉት፣ ስፌቱና ማዕዘኑ እስኪደርቅ አትጠፉት። እርጥቡን አጥፎ ያስቀመጠ ሰው ለመጪው ሐምሌ ሻጋታ ነው የሚተክለው። ጫማውንም ዕለቱን በውሃ ብቻ እጠቡ፣ የውስጡን ንጣፍ አውጡ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቁበት፣ ጋዜጣውን ማታና ጠዋት ቀይሩ፣ ምድጃ አጠገብ ግን አታስጠጉት፤ ሶሉ ይላቀቃል።